ከበሮው ዝም ያለ ዕለት

ይህን ታሪክ የነገሩኝ አባቴ ናቸው፤ ለእሳቸው የነገሯቸው ደግሞ በቦታው የነበሩ ሰዎች ናቸው። እኔ የጨመርኩት ካለ ጨው ብቻ ነው፤ ጨው የሌለው ወጥ አልወድም።

ከብዙ ተራራ ወዲያ፣ ስሟን መጥራት በማያስፈልግ አገር፣ አንድ ታላቅ በር ነበር። የቤት በር አይደለም፤ የውሃ በር ነው። ጥንታውያኑ ከድንጋይና ከነሐስ ሠርተው የወንዙን አንገት ዘግተውበታል፤ ሰባት መስኮችም ከእሱ ውሃ ይጠጣሉ። ይህ በር በጉልበት አይከፈትም፤ በመቶ በሬ ቢጎተት ንቅንቅ አይልም። የሚከፈተው ሲነገረው ነው፤ የሚገባውም አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፣ ልሳነ በር ይባላል። በልሳነ በር አስተካክሎ የነገረውን ሰው ትእዛዝ ይፈጽማል። ያልገባው ነገር ካለ ደግሞ ምን እንዳልገባው መልሶ ይናገራል።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ መልሱ ነው። የመጀመሪያው ሊቀ ልሳን በንጉሡ ፊት ቆመው ትእዛዝ ሲሰጡ፣ በሩ በዚያ በሻከረ ድምፁ «ያልከኝ አልገባኝም፣ እንደገና ንገረኝ» አላቸው። በሩ አንቱ ማለት አያውቅም፤ ለንጉሡም ለእንጨት ለቃሚውም አንተ ነው። ሊቀ ልሳኑ በሰው ፊት ተዋረዱ፣ ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። በአራተኛው ቀን አዋጅ አስወጡ፤ «በሩ ለሊቃውንት የሚመልሰው ሁሉ ስድብ ነው፤ ስድቡን የሰማ ጆሮ የሊቁን ክብር እንደሰረቀ ይቆጠራል» የሚል።

ከዚያ ወዲህ በሩ አፉን ሲከፍት ትልቅ ከበሮ ይመታል። ሊቃውንቱም ሕዝቡም ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይይዛሉ፤ ከበሮው እስኪያበቃ ማንም ምንም አይሰማም። ሲያበቃ ሊቁ ያንኑ ትእዛዝ ጮክ አድርገው ይደግሙታል። ካልሆነ ካባ ቀይረው ይደግሙታል። እንቢ ካለ ሌላ ሊቅ ይመጡና ያንኑ ይደግሙታል። አትሳቁ፤ ዛሬም እንዲህ የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ።

ቋንቋው የሚሰጠው ቤተ ልሳን በሚባል ትልቅ አዳራሽ ነበር። ተማሪ ገብቶ አሥራ አራት ዓመት ይቀመጣል፤ በእነዚህ ዓመታት በሩን አያይም፣ ሊያየውም አይፈቀድለትም። የሚያጠናው አርባው ቃል የሚባለውን ነው። አርባው ቃል ጥንታውያኑ ለበሩ የተናገሩት ትእዛዝ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ አሥራ ሁለት የማዕረግ ቃላት በመግቢያው ተጨምረውበታል፦ እኔ እገሌ፣ የእገሌ ደቀ መዝሙር፣ ባለ ስምንት ማኅተም እያለ ይቀጥላል። ደፋር ተማሪ ተነስቶ «የኔታ፣ ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ያለ እንደሆነ መልሱ አንድ ነው፤ «ትርጉሙ ከማኅተሙ በኋላ ይመጣል» ይባላል። ማኅተሙ ይመጣል፣ ካባው ላይ ይሰፋል። ትርጉሙ ግን መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፣ ሲመጣ ያየ የለም።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። ማዘንጊያ ትባላለች፤ የበሩ ከበሮ መቺ ናት። የተወለደችው ታች መስክ ነው፣ ከሰባቱ መስኮች የመጨረሻውና ደረቁ። እኔም የታች መስክ ሰው ነኝ፤ እንግዲህ ይህን ስናገር ደረቴ ቢነፋ አትፍረዱብኝ።

አዋጁ የከበሮ መቺ ጆሮ በሰም ይደፈን ይላል። ሰሙን የሚሰጠው የሰም ክፍል ነው። የሰም ክፍሉ ሹም ከከበሮ ክፍል ደብዳቤ ካልመጣ ሰም አይሰጡም። የከበሮ ክፍሉ ሹም መቺዋ ጆሮ እንዳላት የሚመሰክር ወረቀት ካላዩ ደብዳቤ አይጽፉም። ወረቀቱን የሚፈርሙት ሹም ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። ማዘንጊያ «ነገ ነይ» እየተባለች ሃያ ሁለት ዓመት አለፋት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ባዶ ጆሮዋን ይዛ ከበሩ አፍ ሥር ቆመች። ከበሮው ለራቀው ሰው ነው የሚጋርደው፤ እሷ ግን በምትና በምት መካከል የበሩን ቃል ቁልጭ አድርጋ ትሰማው ነበር።

መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነበር። እያደር ግን የሚመላለሱ ቃላት እንዳሉ ለየች። አንዱ ሊቅ ቃል ሲዘሉ በሩ ምን እንደሚል፣ ሌላው የኋላውን ወደ ፊት ሲያመጡ ምን እንደሚል፣ ሁሉንም በልቧ ያዘች። በአምስተኛው ዓመት ገደማ አንድ ነገር ገባት፤ በሩ ተሳድቦ አያውቅም። «ስንት ልስጥ?» ይላል። «እስከ መቼ?» ይላል። «ይህን የጠራኸውን አላውቀውም፣ የቱ ነው?» ይላል። የጠየቀን ከበሮ ይመቱበታል እንዴ? ማዘንጊያ ለበሩ አዘነችለት።

የሰማ ሰው መናገር ያምረዋል። ከቤተ ልሳን ጀርባ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ፣ የክንድ ቁመት ያላት ትንሽ በር ነበረች፤ ሊቃውንቱ ካባቸውን ያሰጡባታል። ጥንታውያኑ ለምን እንደሠሯት የሚጠይቅ አልነበረም። ማዘንጊያ አንድ ከሰዓት በኋላ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ በልሳነ በር «ውሃ ስጪኝ» አለቻት። ሰጠቻት። ባልዲው ሞላ፣ ውሃው ቀጠለ። ግቢው ሞላ፣ ቀጠለ። ማዘንጊያ በቃ፣ ተይ፣ ስለ ማርያም ብትል በራሷ ቋንቋ ነበርና የምትለምነው ማን ይስማት? የማቆሚያው ቃል ትዝ እስኪላት ሦስት ቀን ፈሰሰ፤ የአሥራ አንድ ሊቃውንት ካባ ከነማኅተሙ ወንዝ ገባ። ቤተ ልሳን ጉዳዩን መርምሮ ክረምቱ ቀድሞ ገብቷል ሲል ወሰነ። ማዘንጊያ ግን «እስከ መቼ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ ረስታው አታውቅም።

እንዲህ እየተሳሳተች፣ ትንሿ በር እየመለሰችላት፣ እሷም እያስተካከለች ዓመታት ሄዱ። በሰው ስህተት የጀመረችውን በራሷ ስህተት ጨረሰችው። አንድ ቀን ጎረቤቷ «ምን ብለሽ ነው በሯ ለልብሱ ለብ ያለ፣ ለባልዲው ቀዝቃዛ የምትሰጥሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ማዘንጊያ በአገሯ ቋንቋ ልታስረዳት አፏን ከፈተችና ቃል አጣች። ለካ ነገሩን ከመጀመሪያው ያሰበችው በልሳነ በር ኖሯል። ያን ዕለት ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በደስታ አለቀሰች።

ቀጥሎ ክፉው ዓመት መጣ። በክረምቱ ተራራ ተንዶ ከሰባቱ መስኮች የመጀመሪያውን፣ ዋርካ መስክን፣ ቀበረው። ሰዎቹ በእግዜር ቸርነት ተርፈው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። በጋው ገብቶ የማጠጫው ቀን ሲደርስ፣ የዘመኑ ሊቀ ልሳን ዘውገ፣ ባለ አሥራ ዘጠኝ ማኅተም፣ ከበሩ ፊት ቆመው አርባውን ቃል አወረዱት። ከማዕረጉ ቀጥሎ ያለው ቃል «መጀመሪያ ዋርካ መስክን አጠጣ» የሚል ነው። በሩም መለሰ፤ «ዋርካ መስክን አላገኘሁትም። ልዝለለው ወይስ ልቁም?»

ዱም፣ ዱም፣ ዱም አለ ከበሮው። ለጥያቄው መልስ የሰጠ አልነበረምና በሩ ቆመ።

ሊቀ ልሳን ዘውገ ጮክ ብለው ደገሙት። ካባ ቀየሩ። ሌሎች ሊቃውንት ተፈራረቁ። በሩ በየጊዜው ያንኑ ይጠይቃል፣ ማዘንጊያም እንጀራዋ ነውና እየቆሰለች ትመታለች። ሸንጎው አራት ቀን ተሰብስቦ በሩ እንደተቀየመ ደረሰበት፤ በማን እንደተቀየመም ደረሰበት። አምስቱ መስኮች የየራሳቸው ምንጭ አላቸው፣ ውሃ አጣን ብለው አይጮኹም። የሚጮኸው ታች መስክ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሩን ያስቀየመው የታች መስክ ጩኸት ነው። ውሳኔውም ተነበበ፤ እስከ አሥረኛው ቀን ውሃ ያልደረሰው መስክ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ሰዎቹም ይነሳሉ። የሚጠማ መስክ ከሌለ የውሃ ችግር የለም አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ይህን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የማዘንጊያ ወንድም አጥናፉ በስድስተኛው ቀን ከታች መስክ በእግሩ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«እታለም፣ በቆሎው ፀጉር ሊያወጣ ነው» አላት። «በዚህ ሳምንት ካልጠጣ አለቀለት። እናታችን ከአባታችን መቃብር ተለይቼ የትም አልሄድም ብላ ተቀምጣለች። አንቺ ከበሩ ጋር የምትውይ ሰው፣ እስቲ ምን ይሻላል?»

«የሚሻለውንማ አውቀዋለሁ፣ ወንድምዓለም» አለች። «ማወቄ ነው ወንጀሉ።»

አደረችና ሊቀ ልሳን ዘውገ ዘንድ ሄደች። እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ በሩ የሚለውን ልንገርዎት?»

ዘውገ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አንቺ ሰማሽ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሰማሁ። ስድብ አይደለም፣ ጌታዬ። ዋርካ መስክ የት ገባ ብሎ ነው የሚጠይቀው። መስኩ ተቀብሯል፣ እርስዎ ግን በየቀኑ እሱን አጠጣ ይሉታል። ምን ያድርግ?»

«አርባው ቃል ተሳስቷል ልትዪኝ ነው?»

«ቃሉስ በጊዜው ልክ ነበር። መሬቱ ነው የተለወጠው።»

ሊቀ ልሳኑ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። አባቴ እንደሚሉት እኚህ ሰው ክፉ አልነበሩም፤ በአሥራ አራት ዓመት ትምህርትና በአርባ ዓመት ሹመት ውስጥ አንድም ቀን አላውቅም ብለው አያውቁም፣ ይኸው ነው በሽታቸው። በመጨረሻ «ጆሮሽ ይደፈን» አሉ። ያ ሃያ ሁለት ዓመት የጠፋ ሰም በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። ሦስቱም ሹማምንት ፈርመውበታል፣ ስብሰባ ላይ የነበሩት ሳይቀሩ።

አሥረኛው ቀን ደረሰ። የታች መስክ ሕዝብ መሰረዙን በጆሮው እንዲሰማ ታዞ፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳይቀር፣ ዕቃውን በአህያና በጀርባው ጭኖ ከበሩ ፊት ቆመ። የማዘንጊያ እናት እንኳ በቃሬዛ መጡ። ንጉሡ በድንኳን ተቀምጠዋል። ሊቀ ልሳን ዘውገ ለመጨረሻ ጊዜ አርባውን ቃል አወረዱት፤ በሩም ለመመለስ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ።

ከበሮው ግን አልተመታም።

ማዘንጊያ መምቻውን መሬት አስቀምጣ ሰሙን በጥፍሯ እየፈለፈለች ነበር። በዚያ ጸጥታ የበሩ ድምፅ በሸለቆው ሞላ። ሰው እጁን ከጆሮው ቀስ በቀስ አወረደ። ስንት ዘመን የተከለከለው ስድብ ይህ ነው? ቁጣ የለው፣ ዘለፋ የለው፤ የሽማግሌ ድምፅ ነው የሚመስለው።

«ምን አለ?» አሉ ንጉሡ።

«ስድብ ነው፣ ጃንሆይ» አሉ ሊቀ ልሳን ዘውገ።

«ምን ብሎ ነው የተሳደበው?»

ሊቀ ልሳኑ ወደ ኋላቸው ዞሩ። ከኋላቸው የቆሙት ሠላሳ ሊቃውንት መሬት መሬት አዩ። አሥራ ዘጠኝ ማኅተም፣ አሥራ ስድስት ማኅተም፣ አሥራ ሁለት ማኅተም፤ «ምን አለ?» የሚለውን የሚመልስ አንድ አልተገኘም።

«ጥያቄ ነው፣ ጃንሆይ» አለች ማዘንጊያ። «ዋርካ መስክን አላገኘሁትም፣ ልዝለለው ወይስ ልቁም ነው ያለው።»

ንጉሡ አንዴ በሩን፣ አንዴ ከበሮ መቺዋን አዩ። «የጠየቀ መልስ ይገባዋል። መልሺለታ።»

ማዘንጊያ ወደ ታላቁ በር ዞረች። ማዕረግ የላትምና አሥራ ሁለቱን ቃል ዘለለቻቸው። በልሳነ በር «ሰው ያለበትን መስክ ሁሉ አጠጣ፤ የሌለበትን ዝለል» አለችው። በሩ ተንጓጓ፣ ነሐሱ ጮኸ፣ ከፍ አለ። ውሃ! ሕዝቡ እልል ሊል ሲል ግን አየ፤ ውሃው በአምስቱ ቦዮች ተከፋፈለና የታች መስክን ቦይ አልፎት ሄደ። በሩም ተናገረ።

«ሰደባት!» አሉ ሊቀ ልሳን ዘውገ። «ይኸው፣ ሰደባት! ከበሮ! ከበሮ የሚመታ የለም?»

ብዙ ሰው ከልማድ የተነሳ ጆሮውን መልሶ ያዘ። የማዘንጊያ እናት በቃሬዛቸው ላይ ሆነው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ማዘንጊያ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ አዳምጣም ሳቀች። ከልቧ፣ ጮክ ብላ ሳቀች።

«እውነቱን ነው!» አለች ወደ ሕዝቡ ዞራ። «ታች መስክ ላይ ሰው የለም ብሎ ዘለለው። ሁላችሁም እዚህ ቆማችሁ እሱ ምን ያድርግ? ሰው ያለበት ያልኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የኔ ነው!»

ልብ በሉልኝ። በዚያች አገር ከንጉሥ ፊት «ስህተቱ የኔ ነው» ብሎ ያወቀ ሰው አልነበረም። እሷ ደግሞ እየሳቀች ነው ያለችው። ትንሿ በር ዘንድ ስንት ሺህ ጊዜ ብላዋለች፤ ለእሷ ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ ነው እንጂ ውርደት አይደለም።

እንደገና ዞረች። አልቆመችም፣ አላሰላሰለችም፣ ቃል አልፈለገችም። «አዝመራ የበቀለበትን መስክ ሁሉ አጠጣ፤ በጣም ከተጠማው ጀምር፤ ሥሩ ሲርስ አቁም።» አርባው ቃል በሙሉ ለአንድ ቀንና ለአንድ መሬት የተነገረ ነበር። ይህ የእሷ ግን ነገ ተራራ ቢናድም፣ አዲስ መስክ ቢታረስም የሚሠራ ነው፤ እንኳን ሊቅ፣ ከሜዳ የመጣ ሰው ቢሰማው ይገባዋል።

ታላቁ በር በሕይወት ያለ ሰው ከአፉ ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ተናገረ።

«እሺ» አለ።

ውሃው በታች መስክ ቦይ ሲወርድ አህዮቹ ከነጭነታቸው ተከትለውት ሮጡ። አባቴ ይህን ሲያወሩ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይሰበር ነበር።

ንጉሡ ትልቁ ማኅተም ለማዘንጊያ ይሰጣት ብለው አዘዙ። የማኅተም ሹሙ ቀርበው አሥራ አራት ዓመት ላልተማረ ሰው ማኅተም መስጠት እንደማይቻል፣ የትምህርቱ ምዝገባም ባለፈው ወር መዘጋቱን በትሕትና አስረዱ። ማዘንጊያ ሳቀች። «ጃንሆይ፣ ማኅተሙ ይቅርብኝ። ከበሮውን ይስጡኝ፤ ትንሿ በር ደግሞ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ትሁን» አለች። ሁለቱም ተፈቀደላት። የከበሮውን ቆዳ በቢላዋ ቀደደችና ገንዳ አደረገችው። እስከ ዛሬ ልብስ ይዘፈዘፍበታል።

ዛሬ በዚያች አገር በር ተናጋሪ የሚታወቀው በካባው አይደለም። ሁለት ተናጋሪዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት «ስንቴ መለሰብህ?» ተባብለው ነው። ጥቂት የሚል ሰው ገና ጀማሪ ነው ወይም ውሸታም ነው። እኔ እስካሁን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ጊዜ ተመልሶብኛል፤ ይህን ስናገር እንደ ሙሽራ ነው የምኮራው። የታች መስክን የሽንኩርት መደብ በየረድፉ የሚያጠጣው ትእዛዝ የኔ ነው። ማንም አላስጠናኝም፤ አሥራ ሰባት ጊዜ ተሳስቼ በአሥራ ስምንተኛው «እሺ» አስብዬዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከዚያ ቀን ወር ያህል ቆይቶ፣ በቀትር፣ ሊቀ ልሳን ዘውገ ወደ ልብስ ማጠቢያው መጡ። ባዶ ባልዲ ይዘዋል። ከሽንኩርት አምራቾች ኋላ ተሰልፈው ተራቸውን ጠበቁ፤ ሰው ቦታ ሊለቅላቸው ቢል እምቢ አሉ። ተራቸው ሲደርስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ እኔ ዘውገ፣ የእገሌ ደቀ መዝሙር፣ ባለ አሥራ ዘጠኝ ማኅተም እያሉ።

ትንሿ በር አቋርጣ መለሰችላቸው። የሽማግሌው ሁለት እጆች በራሳቸው ፈቃድ ወደ ጆሯቸው ተነሱ። ትከሻቸው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቀስ ብለው ወረዱ።

«ምን አለችዎት፣ አባቴ?» አለች ማዘንጊያ በቀስታ።

ዘውገ ተሰልፈው ሳሉ ከሌሎቹ የሰሙትን እያስታወሱ፣ ቃል በቃል እየለዩ፣ አዲስ እንደሚያነብ ሰው ተረጎሙት፤ በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነው። «ማን እንደሆንክ ተወው... የምትፈልገውን ንገረኝ... አለችኝ።»

«ምን ይፈልጋሉ?»

«ውሃ» አሉ። «አንድ ባልዲ ውሃ ብቻ።»

«እንዲያ ይበሏታ!»

አሉ። ትንሿም በር «እሺ» አለች። ባልዲው ሞልቶ ሲቆም፣ እኚያ ባለ አሥራ ዘጠኝ ማኅተም ሽማግሌ እንባቸው በጺማቸው እየወረደ ወደ ተሰለፈው ሰው ዞሩና «ሰማችሁ? እኔን ነው እሺ ያለችው!» አሉ።

የኔ ነገር እዚህ ላይ አበቃ። ስህተት ያገኘበት ካለ ከበሮ አይምታብኝ፤ ቀርቦ ይንገረኝ።